ከከተማ ወደ እርሻ ስለሚመለስ ሰው

በአዲስ አበባ ወከባና በቤት ኪራይ ውድነት የተመረረ ሰው «አርሼ ልብላ» ብሎ ወደ ገጠር ሲመጣ የወረዳው ሹማምንት ደስ ሊላቸው ይገባል። ነገር ግን ምክር ካላገኘ በጥቂት ወራት ጥሪቱን ጨርሶ፣ አፍሮ ይመለሳል።

አንደኛ፤ የመሬቱን ነገር በግልጥ ይንገሩት። ከየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የገጠር መሬት የግል ንብረት መሆኑ ቀርቷል፤ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ይከለክላል። ስለዚህ መሬት ልሽጥልህ የሚለው ሰው አታላይ መሆኑን ይወቅ። ከባለ ይዞታው ገበሬ ተከራይቶ ወይም በእኩል ተዋውሎ ቢያርስ ግን ሹማምንቱ ውሉን በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡለት።

ሁለተኛ፤ ጊዜውን ይምረጡለት። የጤፍ ማሳ ደጋግሞ ታርሶ ይለሰልሳል፤ በሐምሌ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። በሰኔ የደረሰ ሰው ሳያለሰልስ ክረምቱ ይቀድመዋል፤ ከሰኔም እስከ ኅዳር የሚበላው ከኪሱ ነው። ስለዚህ በጥር ይምጣ፤ እስከ መኸር የሚበቃ ስንቅም ይያዝ።

ሦስተኛ፤ ብቻውን አይተውት። አንድ በሬ ገዝቶ፣ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋራ ይቀናጅ። በደቦና በወንፈል የዋለ እንግዳ የእርፉን አያያዝ ከባላገሩ ይማራል፤ ባላገሩም ባዳነቱን ይረሳለታል።

የፈቃድ ደብዳቤ መጻፍ ቀላል ነው። ደብዳቤውን የፈረመ ሹም በታኅሣሥ ወደ አውድማው ወርዶ ምርቱን ይመልከት፤ የምክሩ ዋጋ የሚታወቀው በዚያ ነው።