ደላላው ዋጋውን ይናገራል

ሰሞኑን ከሚሴ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን ታልፉና የጨፋ ሜዳ ወለል ብሎ ሲታያችሁ ደረሳችሁ ማለት ነው። መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ መኪና ስጠብቅ፣ ከደዋ ጨፋ ገጠር የመጡ አንድ አባት አጠገቤ ተቀመጡ። ልጃቸው አብራቸው ናት። አዲስ ሻንጣ ይዛለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። ከቤተሰቡ የመጀመሪያዋ ናት፤ በእናትም በአባትም ወገን ከእሷ በፊት የዩኒቨርሲቲ ደጅ የረገጠ የለም።

«እንኳን ደስ አለዎት አባባ!» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ የተማርክ ትመስላለህ፤ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የዚህች ታላቅ ወንድሟ ሳውዲ ሲሄድ ደላላው ዋጋውን አንድ በአንድ ነግሮኛል። እስከ ጅቡቲ ይህን ያህል፣ ባሕሩን ለመሻገር ይህን ያህል፣ የመን ላይ ይህን ያህል። ዋሽቶም ቢሆን ነግሮኛል። ለእሷ ግን የነገረኝ ሰው የለም። ‹ነፃ ነው፣ መንግሥት ያስተምራታል› ነው የሚሉኝ። ነፃ ከሆነ ታዲያ በሬዬን ለምን ሸጥኩት?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለጊዜው መልስ አጣሁ።

እናላችሁ… ያ ጥያቄ እስካሁን አልለቀቀኝም። ሰውን በባሕር ላይ የሚያሻግር ደላላ ዋጋውን ሲናገር፣ ልጅን ለወግ ለማዕረግ የሚያበቃ ትምህርት ቤት ዋጋውን የማይናገረው ለምንድን ነው?

ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ አይደለም። ነፃ መሆኑ ካበቃ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የወጪ መጋራት፣ ተማሪዎቹ «ኮስት ሼሪንግ» የሚሉት፣ ሥራ ላይ ሲውል የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ የማስተማሪያውን ደግሞ በከፊል ተማሪው እንዲሸከም ተደረገ። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እንዲመልስ ነው ሐሳቡ። መምህር ለሚሆኑትም በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚከፍሉበት መንገድ ተቀምጧል።

ልብ በሉልኝ፣ ውሉ ለምን ኖረ እያልኩ አይደለም። ተምሮ ደመወዝ የሚበላ ሰው ትንሽ ቢመልስ ነውር የለውም። እንዲያውም ዛሬ እጁ ላይ ሳንቲም የሌለው ልጅ ዛሬ በልቶና ተኝቶ እንዲማር፣ ሒሳቡን ነገ እንዲከፍል የሚያደርግ ብድር ትልቅ ዕርዳታ ነው። ነገር ግን ብድር ሲሰጥ መጠኑ ይነገራላ! በገበያ ቀን ባቲ ላይ ፍየል በዱቤ የሚገዛ ሰው እንኳ ስንት እንደተበደረ ያውቃል።

እኔ ራሴ ከቤተሰቤ የመጀመሪያው ነኝ። ውሉን የፈረምኩት በምዝገባ ቀን ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ከኋላዬ ያለው ልጅ «ፍጠን እንጂ አቦ!» እያለኝ ነው። ምን እንደፈረምኩ የገባኝ ዓመታት አልፈው ኦሪጅናል ዲግሪዬን ልወስድ ስሄድ፣ «መጀመሪያ ዕዳህን» ስባል ነው። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ «መንግሥት በነፃ አስተማረልኝ» እያለ ሲመርቅ ኖረ። አላስተባበልኩትም። ዛሬ ይጸጽተኛል፤ የእኔን ዝምታ ነው ጎረቤቱ ሁሉ እንደ እውነት ይዞ ልጁን የላከው።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በ22 ብር ሰውን ቀኑን ሙሉ መቀለብ ተአምር ነበርና ጭማሪው የግድ ነበር። ግን በቀን 100 ብር፣ ዓመቱ አሥር ወር ቢባል፣ 30,000 ብር ነው። በአራት ዓመት 120,000 ብር። ይህ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ በተማሪው ስም ከተመዘገበ ምግቡ ብቻውን ይህን አከለ ማለት ነው፤ መኝታው ገና ነው፣ ትምህርቱም ገና ነው። ይህን ቁጥር ለእኚያ አባት ማን ነገራቸው?

ውሉ ላይ የማይሰፍረውስ? በሬውን ያሸጠው እኮ እሱ ነው! የመኪናው፣ የብርድ ልብሱና የአንሶላው፣ የቁልፉ፣ የፎቶ ኮፒው፣ የሞባይል ካርዱ፣ ለሴት ልጅ ደግሞ በየወሩ የንጽሕና መጠበቂያው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው የከሚሴ ልጅ ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ ሆኖ፣ ሰላም ከሆነ፣ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ሲቸግረው እናቱ በሶም ቢሆን በሰው ትልክለታለች። ጅማ የደረሰው ግን አዲስ አበባ አድሮ ነው የሚሄደው። ያንን መንገድ በዓመት ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ፣ በአራት ዓመት አባዙት። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ አለ! በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ ሲመጣ፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህም በክልሉ ግጭቱ ሲከፋ፣ ልጅ እዚያ ወላጅ እዚህ ሆኖ መቅረት ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚወሰነው ተማሪው የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን በተራ በሚሞላባት በዚያች ቅጽ ላይ ነው። ልጆቻችን ግን ቅጹን የሚሞሉት እንዴት ነው? በስም! «ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው»፣ «ጓደኛዬ እዚያ ሞልቷል»፣ «የአጎቴ ልጅ ከተማው አሪፍ ነው ብሎኛል»። ጅማ አይሞላ አላልኩም። የሚፈልገው ትምህርት እዚያ ካለ፣ ተጨማሪውን ወጪ አውቆትና ለምዶት ከሆነ፣ መርቄ ነው የምሸኘው። ሣሩን ብቻ እያየ ገደሉ ጋ የደረሰውን ነው የማዝንለት።

ነገሩ ወደፊት ይብሳል እንጂ አይቀልም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ ተማሪ የሚቀበለው በራሱ መግቢያ ፈተና ጭምር ነው፤ ሌሎችም እንዲከተሉት ታቅዷል። በር በበር ዋጋው መለያየቱ አይቀርም። በግል ኮሌጅ በኩል ደግሞ ማስታወቂያው ከአስፋልቱ ዳር ተደርድሯል፤ ዲግሪው በትልቁ፣ ክፍያው በትንሹ ወይም ከነጭራሹ አይጻፍም። ፈቃድ ይኑረው አይኑረው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ ብሎ ለገበሬው የሚነግረውስ ማን ነው?

ደግሞ ስለ ማን እንደምናወራ አትርሱ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሹን ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ቤተ መጻሕፍት ከሌለበት ቀበሌ፣ በኦሮምኛ ጀምራ በእንግሊዝኛ ተፈትና፣ ከዚያ ወንፊት ያለፈችን ልጅ ብርድ ልብስና የመኪና ገንዘብ አጥታ ከመንገድ እንድትመለስ ማድረግ… ይህ ኪሳራ እንጂ ሌላ ስም አለው?

ይህን ስል የሚመልሱልኝ አሉ። አንዳንድ መምህራንና ሹሞች፣ «ዋጋውን ካወቁ ይፈራሉ፤ ልጃቸውን ያስቀሩብናል» ይላሉ። ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ንቀት ነው። እኚያ አባት የየመንን መንገድ ዋጋ ሰምተው አልፈሩም፤ ከፍለዋል። ገበሬ ቁጥር አያስፈራውም። ማሾ ሲዘራ ዘሩን፣ ጉልበቱንና የገበያውን ዋጋ አስልቶ ነው የሚዘራው። ዕዳው ድንገት የመጣበት ነው የሚደነግጠው፤ ልጁንም ከሁለተኛ ዓመት የሚያስቀረው እሱ ነው።

ሌሎቹ ደግሞ፣ «ደሀ ምን ምርጫ አለው? የደረሰውን ይማር» ይላሉ። በተቃራኒው ነው! ሀብታም ቢሳሳት ልጁን ያዘዋውራል፣ ይከፍላል፣ እንደገና ያስጀምራል። አንድ በሬ ያለው ሰው የሚሳሳተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ምርጫው በደንብ ሊነገረው የሚገባ ሰው ካለ እሱ ነው።

ሀብታሟ አሜሪካ እንኳ ይህ ገብቷታል። እዚያ ኮሌጅ ውድ ነው፤ ግን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፌዴራል የተማሪ ዕርዳታ የሚያገኙ ኮሌጆች ዕርዳታው ከተቀነሰ በኋላ ቤተሰቡ የሚከፍለውን በግምት የሚያሰላ መሣሪያ ድረ ገጻቸው ላይ እንዲያኖሩ ሕግ አስገድዷቸዋል። ኬንተኪ ውስጥ ቤሪያ የሚባል ኮሌጅ አለ፤ ተማሪውን የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፣ በምትኩ ሁሉም ይሠራል። የደሀ ልጅ ይህን ሰምቶ ነው ማመልከቻ የሚጽፈው። እኛም ጋ የሚሰማ አጣ እንጂ በር የለም ማለት አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በ2009 ዓ.ም. በጀመረው ሥራ ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች የትምህርት ዕድል ሲሰጥ ቆይቷል። ደዌ ሐረዋ ወይም አርጡማ ፉርሲ ውስጥ በክራንች ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ ይህን ሰምቷል? «የውጭ ስኮላርሺፕ አስገኝልሃለሁ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚቀበለው ደላላ ግን ስልኩን አድርሶታል። ስኮላርሺፕ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም፤ ይህችን እንኳ በሰልፍ ሰዓት የሚነግር ጠፋ?

መንግሥትን ብቻ ወቅሼ ብሄድ ደግሞ አድልዎ ይሆንብኛል። እኛስ? ልጁ ሲመረቅ በግ ጎትተን፣ መኪና ተከራይተን፣ ፎቶ ለመነሳት እንጋፋለን። ሲሄድ የት ነበርን? እድራችን ለሞተ ሰው ከፈን የሚገዛበት አያጣም፤ ለምትማር ልጅ ብርድ ልብስ ሲባል ግን «ደንቡ አይፈቅድም» ይላል። ደንቡን የጻፍነው እኛው አይደለንም እንዴ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከምርጫው በፊት፣ ደግሜ እላለሁ፣ ከምርጫው በፊት፣ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ በኦሮምኛና በአማርኛ የተጻፈች አንዲት ወረቀት ትለጠፍ። ሦስት ቁጥር ትያዝ፦ ከቤት ሲወጣ ስንት ያስፈልጋል፣ በየወሩ ስንት፣ ከምረቃ በኋላ ስንት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲው፣ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ያለው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ ቴክኒክና ሙያው፣ የግሉ፣ ሁሉም በየመደባቸው ይጻፉ። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ደግሞ በገበያ ቀን ጮክ ብላ ትነበብ።

ወደ ሻይ ቤቷ ልመለስ። መኪናው ሲዘገይ ወረቀት አወጣሁና ከልጅቷ ጋር ሒሳቡን ሠራነው። እሷ ናት ያባዛችው፤ ከእኔ ትፈጥናለች። አባቷ ቁጥሩን እየደጋገሙ አስነበቧት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና፣ «ዕዳ ከሆነ ዕዳ ነው፤ ሠርታ ትከፍላለች። እንደዚህ ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አሉ።

ሩብ ሰዓት ነው የፈጀብን። አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማራት ትምህርት ቤት ሩብ ሰዓት አጣ?