የሥራ ፈላጊውን ዕውቀት የሚሸፍን ወረቀት

በከተሞቻችን የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ዙሪያ በማለዳ የሚሰበሰቡ ወጣቶችን ማየት የተለመደ ነው። ማስታወቂያውን በስልካቸው ፎቶ ያነሡና በአቅራቢያቸው ወዳለው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያመራሉ። ጸሐፊዋ ቀደም ሲል ለሌላ ሰው ያዘጋጀችውን ሲቪ ትከፍታለች፤ ስም፣ የትውልድ ዘመንና የተማሩበትን ተቋም ቀይራ ታትማለች። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል» የሚለው ግን እንዳለ ይቀራል። እንዲህ ያሉ ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲደራረቡ ቀጣሪው አንዱን አመልካች ከሌላው የሚለይበት ነገር ያጣል። በሬ ሽጦ ልጁን ያስተማረ አርሶ አደር «ልጄ ለምን አልተጠራም?» ብሎ ሲጠይቅ የመልሱ አንድ ክፍል የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ክፍል ብቻ መሆኑን ግን መናገር ይገባል። ከሥራ ፈላጊው ቁጥር አንጻር ክፍት የሥራ ቦታው ጥቂት ነው፤ በዝምድና የሚሞላ ቦታም አለ። ይህን ማንም ሲቪ አያስተካክለውም። የሚያሳዝነው ማጣሪያው በትክክል በሚሠራበት ቦታ ብቁው ሰው በወረቀቱ ምክንያት ሲወድቅ ነው።

የመጀመሪያው ማጣሪያ የሰውን ችሎታ አይመዝንም። መዝጋቢው ማስታወቂያውን ከፊቱ አስቀምጦ የትምህርት ዓይነትን፣ ደረጃን፣ የሥራ ልምድ ዘመንንና እንደ ሙያው የብቃት ማረጋገጫን አንድ በአንድ ያመሳክራል። ያላገኘውን ፈልጎ አያወጣም። ስለዚህ ማስታወቂያው የጠየቀው ነገር በሲቪው የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ማስታወቂያው በተጠቀመበት ቃልና ቅደም ተከተል መስፈር አለበት። ለአሥር ማስታወቂያ አንድ ዓይነት ሲቪ የሚያስገባ ሰው አሥር ጊዜ የመታለፍ ዕድል አለው።

«ዜሮ ዓመት» በሚል የሚወጡ ማስታወቂያዎች ላይ አዲስ ተመራቂዎች ሁሉ እኩል ይመስላሉ፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የተሠራ ሥራ ነው። ከገጠር የመጡ ወጣቶች በዚህ ረገድ ራሳቸውን ይበድላሉ። በክረምት የእረፍት ጊዜው የቀበሌውን ኅብረት ሥራ ማኅበር የማዳበሪያ ሥርጭት መዝገብ የያዘ ተማሪ የንብረት ክፍል ሥራን ቀምሷል፤ በሲቪው ላይ ግን «ልምድ የለኝም» ይላል። የቤተሰቡን እህል ለነጋዴ እየመዘነ ሲያስረክብና ሒሳብ ሲይዝ የኖረውም እንዲሁ። መቼ፣ የት፣ ምን እንደሠራና ስንት አባወራ እንዳስተናገደ በሁለት መስመር ቢጽፍ «ታታሪ» ከሚለው ቃል ይልቅ ይነበባል። ከማኅበሩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ማግኘት ከቻለ ደግሞ የበለጠ ይታመናል።

በደመወዝ የተሠራ ሥራ ሲሆን ማስረጃው የግድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሥራውን ሲለቅ ወይም ሲጠይቅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በኮምቦልቻ ወይም በደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሠርቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ወጣት ይህን የመጠየቅ መብት አለው። ብዙ የመንግሥት ማስታወቂያዎች ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ስለሚጠይቁ ደብዳቤው ይህንንም እንዲገልጽ ማስደረግ ያዋጣል። ያው አዋጅ የአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበሉ ያደርጋል። ስለዚህ «ሲቪህን እናሳልፍልሃለን፤ ለምዝገባ ብር ላክ» የሚል የቴሌግራም መልእክት የሚገባው ጥርጣሬ ነው።

ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮችም ሰውን ያስቀራሉ። ስም በትምህርት ማስረጃው አንድ ዓይነት፣ በመታወቂያው ሌላ ዓይነት ሲጻፍ የሰነዱ ባለቤት ማን እንደሆነ ጥያቄ ይነሣል። በኢሜይል የሚላክ ሲቪ የፋይሉ ስም የአመልካቹ ስምና የሥራ መደቡ ቢሆን ይመረጣል። ከሁሉ በላይ ግን ስልክ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀበሌ የሚኖር አመልካች የራሱን ቁጥር ብቻ ከሚያስመዘግብ ከተማ ያለ ወንድሙን ወይም የአባቱን ቁጥር ቢጨምር ይሻለዋል። አባትም ከማያውቁት ቁጥር ሲደወል እንዲያነሡና «ልጁ እርሻ ላይ ነው፤ ከየት ልበለው?» ብለው የመሥሪያ ቤቱን ስምና የፈተናውን ቀን እንዲይዙ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።