ሶዶ ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ይፈላል

 

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤቴ መጣ። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል። አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋርጦ የአሮጌ አይሱዙ ረዳት ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭነው ሲመጡ ጠበላን አልፈው የሶዶን ዳገት ሲጀምሩ ሞተሩ ሞቀ። ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆመና «ውረድ፣ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት» አለው። ከፈተ። ውሃው እንደ ምንጭ ተወርውሮ እጁ ላይ አረፈ።

የሚከተለው ንግግሩ ግን እኔን ነው ያቃጠለኝ። «ቲቸር፣ ሲፈላ እኮ አይሰማም ነበር። ዝም ስላለ ገና መቶ አልደረሰም ብዬ ነው የከፈትኩት።»

መቶ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሰሌዳ ላይ «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈተና ላይም ጠየቅኩ፣ እሱም በትክክል መለሰ። ግን 100 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ሶዶ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ደህና በሚሠራበት ሰዓት እንኳ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ይሞቃል። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አይፈላም? በክዳኑ ምክንያት!

የራዲያተር ክዳን እንደ ጠርሙስ ክዳን ብቻ አይደለም። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለው፤ የሚይዘው ግፊት ነው። ግፊት ሲጨምር የመፍያ ነጥብ ይጨምራል፤ ደህና ክዳን ሶዶ ላይም ውሃውን ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ያቆየዋል። ስለዚህ ዝም ያለ ራዲያተር ቀዝቅዟል ማለት አይደለም። ከፈትከው ማለት ግፊቱን ለቀቅከው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ያ ሁሉ ውሃ ባንዴ ይፈላል፣ ፊትህ ላይ።

በተቃራኒው፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ገጥመው፣ ወይ ጨርቅ ወትፈው ከነጭነታቸው ዳገት የሚወጡ መኪኖችን በዓይኔ አይቻለሁ። እነዚህ ገና ዳገቱ ሳይጋመስ ውሃቸውን ይጨርሳሉ። ከዚያ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮን ይበላል። በቃ፣ የወራት ትርፍ ጋራዥ ገባ ማለት ነው።

«መኪናው አሮጌ ስለሆነ ነው» ይላሉ። በእኔ አስተያየት ይሄ ሰበብ ነው። ልጁን ጠየቅኩት፤ እሱ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ራዲያተሩ አንድ ቀን ታጥቦ አያውቅም። ከውጭ ጭቃና ገለባ፣ ከውስጥ ዝገትና የወንዝ ውሃ ዝቃጭ ደፍኖታል። ቺንጋው ላልቷል፣ ስለዚህ ቬንትሌተሩም ፓምፑም በደንብ አይዞርም። ቴርሞስታቱን ደግሞ «ያሞቃል» ብለው አውጥተው ጥለውታል። ቴርሞስታት እኮ ሞተሩ ሲሞቅ ራሱ ይከፈታል፤ ዳገት ላይ ማንንም አይከለክልም። እንዲያውም አንዳንድ ሞተር ላይ ከወጣ፣ ውሃው ራዲያተሩን ሳያገኝ በአቋራጭ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ ላይ ከተፈቀደው በላይ ጭነት ጨምሩበት። አዲስ መኪናም ቢሆን ይሞቃል!

አውቃለሁ፣ ባለንብረቶች የምትሉት አለ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ አይቀመስም። እውነት ነው። ግን ክዳን፣ ቺንጋና ኩላንት ከአንድ ቴስታታ ጋር አይወዳደሩም። ራዲያተር ማሳጠብማ ከዚያም ያነሰ ነው። ደግሞ ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው? ባለንብረቱ ብር ይከፍላል፣ ረዳቱ ቆዳውን ይከፍላል።

ለሹፌሮች፦ ዳገት ከመጀመራችሁ በፊት ከባድ ማርሽ አስገቡ። ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ሲዞር ፓምፑም ቬንትሌተሩም አብረው ይፈጥናሉ፤ በቀላል ማርሽ አፍኖ መግፋት ግን ሙቀት ብቻ ነው። ጌጁ ከወትሮው ከፍ ሲል ቶሎ ቁሙ፣ ቀዩን አትጠብቁ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታ ይሰነጥቃል። ከሁሉ በላይ፣ እናንተ እጃችሁን የማታስገቡበት ቦታ የሰው ልጅ እጁን እንዲያስገባ አትዘዙ። ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ሙዙ አይበሰብስም።

ለረዳቶች፣ ልጆቼ፦ «አልከፍትም፣ ይቀዝቅዝ» በሉ። ቢሰድባችሁ ይሳደብ። ከተቃጠላችሁም የጥርስ ሳሙና አትቀቡ፤ ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበትና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ለእኛ ለአስተማሪዎች ደግሞ፦ ከተማሪዎቻችን ስንቱ ነው ላብራቶሪ የሚገባው? ስንቱስ ነው ባጃጅና አይሱዙ ላይ የሚውለው? እኔ ዘንድሮ ስለ መፍያ ነጥብ ሳስተምር አንድ አሮጌ የራዲያተር ክዳን ይዤ ክፍል እገባለሁ። ለአንድ ልጅ ዘግይቻለሁ፤ ለሌሎቹ አልዘገይም።

የምታውቁት ሹፌር ወይም ረዳት ካለ ይሄን አድርሱለት። መንገድ ላይ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼም የገጠማችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ። በሰላም ግቡ!