ጉቶ የማይተው ጥፋት

የዕድሜ እኩዮቼ፣ ዛሬ የምናገረው ለወጣቶቹ አይደለም፤ ለእኛው ነው። ጽዱን ጠብቀናል። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር አስከብረናል፤ መጥረቢያ ይዞ የገባውን ከሽማግሌ ፊት አቁመን ዳኝተናል። ከጽዱ ዳር፣ በድንጋያማው ተረተር ላይ የሚበቅለውን ቀበርቾ ግን ማን ጠበቀው?

ቀበርቾ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይበቅልም። ቅጠሉ እሾሃም፣ አበባው ድቡልቡል ነው። ከዓመት ዓመት የሚያኖረው ሥሩ ነው፤ እኛም የምንፈልገው ያንኑ ሥር ነው። ለአራስ ቤት እናጨሰዋለን፤ ለምች፣ ለእባብ፣ ለቡዳ ይበጃል እንላለን። (ጭሱ ይሠራል አይሠራም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።) ቅጠሉን ብንሸመጥጥ ኖሮ መልሶ ያቆጠቁጥ ነበር። ሥሩ ከወጣ ግን አለቀ።

ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶው ይመሰክራል፤ ሰው ያያል፣ ይቆጣል፣ ይተክላል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው የመናገሻን ደን እንዳስተከሉ ይነገራል። የቀበርቾን ጉድጓድ ግን አንድ ክረምት ይደፍነዋል፤ ምስክርም አይቀርም። ለዚህ ነው ስናጠፋው ያልታወቀን።

ምልክቱ ገበያ ላይ ነው። የሚሸጠውን ሥር አገላብጣችሁ እዩ። እንደ ጣት የቀጠነ ከሆነ፣ ሳያፈራ የተነቀለ ለጋ ሳይሆን አይቀርም። ቆፋሪውን ልጅ አትውቀሱት፤ እርሱ የደብተርና የዘይት መግዣ ፈልጎ ነው። ገዢው ማን ነው? ሕፃን በተወለደ፣ ሰው በታመመ ቁጥር «ቀበርቾ አምጡ» የሚለውስ ማን ነው? እኛ ነን፤ ልጆቹም ቃላችንን ሰምተው ይወጣሉ።

እንግዲህ በሚመጣው ሰንበት ማኅበራችን ሲሰበሰብ ይህን ነገር አንሥቼ ውል እንዲታሰር እጠይቃለሁ። ዘሩ ደርቆ ሳይረግፍ ማንም አይቆፍር። ከአንድ ተረተር ሁሉም አይነቀል፤ ለዘር የሚሆን ይቅር። ቀጭን ሥር የሚገዛ ቤት አይኑር። የሚያጨስ ሁሉ ከዘሩ በአጥሩ ሥር ይዝራ፤ ይብቀል አይብቀል ይሞክር። ውሉን ያፈረሰ የእኔም ልጅ ቢሆን ስሙ በጉባኤ ይጠራ።