እርጅና ወይስ ውሃ?

አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ከመሬት ማንሣት ሲያቅታቸው፣ ውለው አድረውም ሽንታቸው ሲያመልጣቸውና የነገሯቸውን ሲረሱ፣ በየቤታችን የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ጃጅተዋል» ይባላል። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ እንዲገቡ ይደረጋል። ወደ ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው የሚል ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ከእነዚህ ሽማግሌዎች መካከል የአንዳንዶቹ ሕመም ሊታከም የሚችል መሆኑ የታወቀው በአንድ የኮሎምቢያ ሰው ትጋት ነው።

እኒህ ሰው ዶክተር ሳሎሞን ሐኪም ይባላሉ። ስማቸው ቀልድ አይደለም፤ ቤተ ሰባቸው ከሊባኖስ የፈለሰ ስለ ሆነ የያዙት ስም እኛም ከዓረብኛ ጋራ የምንጋራው ያው ቃል ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. በቦጎታ ከተማ በመኪና አደጋ ራሱን የተጐዳ የ16 ዓመት ልጅ ራሱን እንደ ሳተ ተኝቶ ነበር። በአንጎሉ ውስጥ ያሉት የፈሳሽ ጓዳዎች ተለጥጠው ተገኙ፤ ግፊቱ ሲለካ ግን እንደ ጤነኛ ሰው ሆነ። ዶክተሩ ለምርመራ ብለው ጥቂት ፈሳሽ ከወገቡ በመርፌ ቀዱ። በማግሥቱ ልጁ ነቅቶ ቃል ተናገረ! ሰንብቶ መልሶ ደከመ፤ እንደ ገና ሲቀዳለት ዳግመኛ ነቃ።

ይህ ፈሳሽ አንጎልንና ሰረሰርን የሚያጥብ ውሃ መሰል ነገር ነው። በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይመነጫል፤ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግን 150 ሚሊ ሊትር ያህል ስለ ሆነ፣ ትርፉ ያለ ማቋረጥ ወደ ደም መመለስ አለበት። መመለሻው ሲሰንፍ ጓዳዎቹ ይሰፋሉ። ታዲያ ግፊቱ ሳይጨምር ጕዳቱ ከየት መጣ? ዶክተሩ መልሱን የፈለጉት ከፊዚክስ ነው፤ ግፊት በስፋት ሲባዛ ኃይል ይሆናልና፣ ግፊቱ ባለበት ቢቆይም ግድግዳው በሰፋ ቍጥር የሚያርፍበት ኃይል ይበዛል። የፓስካልን ሕግ ለፈተና ብቻ ሸምድደን የተውን ሰዎች ትንሽ ልናፍር ይገባናል። እርግጥ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ መሆኑ ታውቋል። ዶክተሩ ሐሳባቸውን በ1964 በስፓኝ ቋንቋ ጽፈው፣ በ1965 ከቦስተን ሐኪሞች ጋራ በእንግሊዝኛ አሳተሙት።

ሕመሙ በአብዛኛው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑትን ይይዛል። መጀመሪያ የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ አረማመድ ነው፤ እግሮቹ ተራርቀው፣ እርምጃው አጥሮ፣ ጫማው ከወለሉ ጋራ የተጣበቀ ይመስላል። ዞር ማለት ብዙ እርምጃ ይጠይቃል። ሽንትና መርሳት የሚከተሉት በኋላ ነው፤ ሦስቱም በሁሉ ላይ አይታዩም።

ምርመራው እጅግ ያስደንቀኛል። የአንጎሉ ሥዕል በሲቲ ስካን ወይም በኤም አር አይ ከታየ በኋላ፣ ሽማግሌው በሰዓት እየተለኩ ይራመዳሉ። ከዚያ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ከወገባቸው ይቀዳና እንደ ገና ይራመዳሉ። እርምጃው ከፈጠነ፣ ቫልቭ ያለው ቀጭን ቱቦ ከአንጎል ተነሥቶ ከቆዳ ሥር እስከ ሆድ ዕቃ ይዘረጋላቸዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚሻለው አረማመዳቸው ነው፤ የማስታወስ ችሎታ ግን ሁልጊዜ አይመለስም። አደጋም አለበት፤ ፈሳሹ ከመጠን በላይ ከወረደ በአንጎል ሽፋን ሥር ደም ሊቋጠር፣ ቱቦውም ሊደፈን ወይም ሊመረቅዝ ይችላል።

በሽማግሌ ላይ የሚታይ መርሳት ሁሉ ከዚህ ፈሳሽ የመጣ አይደለም፤ አብዛኛው ከሌላ ሕመም ነው። ስለዚህ አባቱን ወደ ሐኪም የሚወስድ ልጅ አስቀድሞ ሊያስታውሰው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቀድሞ የሰነፈው እግራቸው ነው ወይስ ትዝታቸው?