የተማሪው መልእክት በማን እጅ ነው?

በቆጂ ሲባል የሰው ሁሉ ሐሳብ ወደ ሩጫ ይሄዳል። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያወጣ አካባቢ ስለ ሆነ ይህ የሚያስከፋ አይደለም፤ ከዚያው አገር የመጣን ተማሪዎችም እንኮራበታለን። ዛሬ ግን የምንጽፈው በእግር ስለማይደረስበት ጉዳይ ነው። ይኸውም ከአሰላ ወደ ደቡብ፣ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ከተቀመጠችው ከዚያች ከተማ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ከመምህሩና ከጓደኛው ጋር የሚነጋገርበት መሣሪያ የማን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

የዘመኑ ተማሪ ኑሮ በቴሌግራም ላይ ተንጠልጥሏል ብንል ማጋነን አይሆንም። የትምህርቱ ማስታወሻ በቴሌግራም ይላካል፤ የፈተና ሰዓት ሲለወጥ በቴሌግራም ይነገራል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ እርማትም በዚያው ይመጣል። ይህን ያደረገው አንድም ሕግ የለም። ቀላል ስለ ሆነና ሁሉም እዚያ ስላለ ብቻ ነው።

እንግዲህ በየካቲት 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ውስጥ በተገደቡ ጊዜ የሆነውን እናስታውስ። ገደቡ እስከ ሐምሌ ድረስ አምስት ወር ያህል ቆየ። ከዚያ በፊት በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማለቂያ፣ ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ ኢንተርኔቱ በጠቅላላው ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ተዘግቷል፤ ምክንያቱም በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ጥያቄ አስቀድሞ በማኅበራዊ ገጾች ወጥቶ ነበር። መዘጋቱ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም? የሚለውን ክርክር ለሌላ እትም እናቆየው። የዛሬው ነገራችን ሲዘጋ እኛ ምን ሆንን? የሚለው ነው።

ቪፒኤን የጫነና ለዳታ የሚከፍለው ያለው ተማሪ እንደምንም ማስታወሻውን አወረደ። የሌለው በፍላሽ ይለምን ጀመር። ፍላሹ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ሲዞር ቫይረሱንም ይዞ ዞረ፤ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ሲገኝ የሦስት ወር ሥራው ጠፍቶበት ፊቱን በእጁ የሸፈነ ጓደኛ አይተናል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ይህ ነው። በአንድ ኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች፣ ኮምፒዩተሮቻቸው በአንድ ግድግዳ በሚያልፍ ገመድ ተያይዘው ሳሉ፣ አንዲት ገጽ መላላክ አልቻሉም። ገጿ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ለመድረስ ባሕር ተሻግራ፣ የማናውቀው አገር ደርሳ መመለስ ነበረባት። ከጎረቤት ቤት እሳት ለመጫር በአዲስ አበባ በኩል መዞር ማለት ይህ አይደለምን?

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «ቴሌግራም እኮ ኮዱ ክፍት ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» ይሉናል። እውነት አላቸው፣ ግን ግማሹን ነው። በዴስክቶፕ ላይ የምንጭነው ፕሮግራም ኮዱ ለሁሉ የተገለጠ ነው፤ ማንም ያነበዋል፣ ያሻሽለዋል። መልእክቱ የሚያርፍበት ሰርቨር ኮድ ግን አልተገለጠም፤ ሰርቨሩም የኩባንያው ነው፤ ማንም በግቢው ሌላ ሊተክል አይችልም። ብዕሩ የእኛ ሆነ፣ ፖስታ ቤቱ ግን የሌላ ሰው ነው። በዊንዶውስ ላይ በሚሠራው የቴሌግራም ዴስክቶፕ ምሥጢራዊ የሚባለው ውይይት እንኳ የለም፤ በዚያ የምንጽፈው ሁሉ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል።

የፖስታ ቤቱ ባለቤት ሐሳቡን ሲለውጥ የሚሆነውን ታላላቅ ወንድሞቻችን በደንብ ያውቁታል። በኢንተርኔት ካፌ በሰዓት እየከፈሉ በያሁ ሜሴንጀር ከውጭ አገር ዘመድ ጋር ያወሩ የነበሩት እነሱ ናቸው። ያሁ ሜሴንጀር እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘጋ። የማይክሮሶፍቱ ሜሴንጀር ከዚያ አስቀድሞ በ2013 ቀርቷል፤ አይሲኪው በ2024፣ ስካይፕ በግንቦት 2025 ተከተሉ። አንዳቸውም ሲዘጉ ተጠቃሚውን አላማከሩም፤ ለምንስ ያማክሩ? ንብረቱ የነሱ ነበርና።

ሌላ መንገድ አለ፤ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ጄሬሚ ሚለር የሚባል ሰው ጃበር የተባለ የመልእክት መለዋወጫ ሥርዓት ለሕዝብ አቀረበ፤ ዛሬ ኤክስኤምፒፒ ይባላል። አሠራሩ እንደ ኢሜይል ነው፤ የፈለገ ድርጅት የራሱን ሰርቨር ይተክላል። የሰርቨሩ ፕሮግራም (ፕሮሶዲ ወይም ኢጃበርዲ) በነፃ ይገኛል፣ ኮዱም የተገለጠ ነው፤ ለአንድ ግቢ ተማሪ ጽሑፍ ለማመላለስ ደህና የሆነ አሮጌ ኮምፒዩተር ይበቃዋል። በተማሪው ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ፒጂን ወይም ጋጂም ይጫናል። የውጭው መስመር ሲቋረጥ የግቢው ገመድ አይቋረጥምና መልእክቱ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ኮምፒዩተር ክፍል፣ ከዚያም ወደ መምህሩ ቢሮ መሄዱን አይተውም። ይህ የድኻ አገር ብልኃት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የፈረንሳይ መንግሥት ከ2019 ጀምሮ ለሠራተኞቹ ማትሪክስ በሚባለው ሌላ ክፍት ሥርዓት ላይ የቆመ የራሱን መለዋወጫ ይጠቀማል። የተጠቀመበትም ምክንያት ከእኛ የራቀ አይደለም፤ የመንግሥት ጉዳይ በሌላ አገር ኩባንያ ሰርቨር ላይ እንዳያድር ነው።

«እኛ ተማሪዎች ምን አቅም አለን?» የሚል መልስ ሲመጣ ከሩቅ ይሰማናል። ፒጂንን እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው ማርክ ስፔንሰር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የቪዲዮ መነጋገሪያ የሆነውን ጂትሲን በ2003 የጀመረው ኤሚል ኢቮቭም በስትራስቡርግ ተማሪ ሳለ ነው። የቪኤልሲ ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ደስ ይለናል። በፓሪስ የኤኮል ሴንትራል ተማሪዎች የግቢያቸው መረብ ቀርፋፋ ሆኖባቸው (እውነቱን ለመናገር ጨዋታ ለመጫወት ነው የቸገራቸው) ፈጣን መረብ ለማግኘት ምክንያት ሲፈልጉ በ1996 ቴሌቪዥን በግቢ መረብ የማሰራጨት ሥራ ጀመሩ። ትምህርት ቤቱ ፈቅዶ በ2001 ኮዱ ለዓለም ተለቀቀ። ዛሬ ከፊልም ቤት በሚሞሪ ካርድ ያስገለበጥነውን ፊልም ሁሉ ያለ ማጉረምረም የሚያሳየን ያ ብርቱካንማ የመንገድ ኮን ምልክት የተማሪ ሥራ ነው። የመምህር ንግግር ተቀድቶ በግቢው ኮምፒዩተር ቢቀመጥ፣ ያለ ዩቲዩብና ያለ ዳታ በዚሁ በቪኤልሲ ልናየው እንችላለን። በሰርቨሩ በኩል ግን አንድ ሰው ሊያስቀምጠው ይገባል።

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ፤ ችግር የለበትም ካልን አንባቢ ይስቅብናል። መብራት ይጠፋል። ሁሉም ሰው ቴሌግራም ላይ ስላለ አዲሱ ክፍል መጀመሪያ ባዶ ይሆናል። እነዚህ በትዕግሥት ይታለፋሉ። ከባዱ ሌላ ነው። በግቢያችን የተማሪ ክበብ ዕድሜው አራት ዓመት ነው፤ የጀመረው ልጅ ሲመረቅ አብሮት ይመረቃል። ሰርቨሩን የተከለው ልጅ የይለፍ ቃሉን በጭንቅላቱ ይዞ በቆጂ ወይም ጎባ ቢገባ፣ የቀረነው ማሽኑን ከብበን እንቆማለን። ስለዚህ አሠራሩ ከመጀመሪያው ቀን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሌላም አለ፤ ሰርቨሩን የያዘ ሰው የሰውን መልእክት ማየት ሊያምረው ይችላል። ከሩቅ ባለቤት ሸሽተን የቅርብ ሰላይ ብንሾም ምን ተጠቀምን? ጋጂም መልእክቱን ከላኪው እስከ ተቀባዩ ድረስ የሚቆልፍበት ዘዴ አለው፤ ከመጀመሪያው እንዲሠራ መደረግ ይገባዋል።

ይህ ሰርቨር ኢንተርኔት ሲዘጋ በቆጂ ላሉት እናቶቻችን መልእክት አያደርስም። ለእነሱ ስልክ መደወሉ ይቀጥላል። ግን በክረምት ዕረፍት ወደ አገር ስንገባ ፕሮግራሞቹን በፍላሽ ይዘን ብንሄድ የሚከለክለን የለም፤ መቅዳቱ በሕግ የተፈቀደ ነው። ኮምፒዩተር ክፍል ላለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያንኑ መትከል የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

ይህ መጽሔት የሚባዛበት መኪና የማኅበሩ ነው፤ ቀለም ሲያልቅ እንገዛለን፣ ሲበላሽ እናስጠግናለን፣ የምንጽፈውንም እኛው እንወስናለን። ለመልእክታችንም ከዚህ የሚያንስ አንጠይቅም። ስለዚህ በሚቀጥለው የማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ሁለት ነገር እናቀርባለን። አንደኛው፣ በመጋዘን አቧራ ከለበሱት ኮምፒዩተሮች አንዱ ለማኅበሩ ክፍል እንዲሰጥ ነው። ሁለተኛው፣ በኮምፒዩተር ክፍሎች ጋጂም፣ ፒጂንና ቪኤልሲ እንዲጫኑ ነው፤ እስከ ዛሬ ተማሪ ምንም እንዳይጭን ክልክል ነውና። የይለፍ ቃሉን ማን ይያዝ? ለሚለው የእኛ ሐሳብ፣ አንዱን ግማሽ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ሌላውን ግማሽ የኮምፒዩተር ክፍሉ ኀላፊ ይያዙትና በየመስከረሙ ይለወጥ የሚል ነው። የተሻለ ያለው ከስብሰባው በፊት ጽፎ ያምጣ።