ንብ አናቢው በጨዋታ ወረቀት ላይ

ጨዋታ የሥራ ፈት ነገር ነው፤ በተለይም ዘንዶና ጠንቋይ ያለበት የተረት ጨዋታ ለተማረ ሰው አይገባም እያሉ የሚያጣጥሉ ታላላቆች አሉ። እኛ በዚህ አሳብ አንስማማም። አንድ ሕዝብ በጨዋታው ውስጥ ምንን ሙያ ብሎ እንደሚቈጥር የተመለከተ ሰው፣ በቁም ነገሩም ምንን እንደሚያከብር በከፊል ሊረዳ ይችላልና። ዛሬ ንብ ማነብ በእንዲህ ያለው ጨዋታ ውስጥ ስላገኘው ስፍራ ልናወሳ የወደድነው ስለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ ለሕዝብ አቀረቡ። ጥቂት ጓደኞች በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። የዚያ ሰው ጕልበት፣ ቅልጥፍና፣ ብልህነትና ማስተዋል በወረቀት ላይ በቍጥር ይጻፋል። ችግር ሲገጥመው ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ በወጣው ቍጥር ላይ የሙያው ነጥብ ይደመራል፤ ድምሩ መሪው ከወሰነው ልክ ከደረሰ ነገሩ ተሳካ፣ ካልደረሰ ከሸፈ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. የወጣው ሦስተኛው እትም ከሰይፍና ከአስማት ጐን የኑሮ ሙያ የሚመዘገብበት መደብ ነበረው። የሙያውን ስም የሚሰጠው ተጫዋቹ ራሱ ነውና፣ ንብ አናቢ መሆን የፈለገ ንብ አናቢ ብሎ ይጽፋል። በዚህ መደብ ውስጥ ሁለት ነገሮች ደስ አሰኝተውናል። አንደኛው፣ ሙያው የሚቈጠረው ከብልህነት ሳይሆን ከማስተዋል ጋር ነው። ሁለተኛው፣ ሙያውን ያልተማረ ሰው አይሞክረውም። የብልህነቱ ነጥብ የፈለገውን ያህል ከፍ ቢል በወረቀቱ ላይ ያ መስመር ከሌለ ዳይሱን መጣል እንኳ አይፈቀድለትም። ዲግሪ በእጃችን ይዘን ገጠር የምንወርድ ሁሉ ይህን ደንብ ደጋግመን ብናነበው አይጐዳንም።

በኮምፒዩተር የሚጫወቱትም ንብን አልረሱም። «ማይንክራፍት» በተባለው ጨዋታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ንቦች ገብተዋል። ከቀፎው ሥር እሳት አንድዶ ሳያጨስ ማር የሚቈርጥ ተጫዋች ይነደፋል፤ የነደፈችውም ንብ ትሞታለች። ንቦቹ በዝናብና በሌሊት ወደ ቀፏቸው ይገባሉ። ይህ ሁሉ ከእውነተኛው ንብ የተቀዳ ነው። የአናቢው ጭስ ንቦች ሲደነግጡ የሚረጩትን የማስጠንቀቂያ ሽታ ይሸፍነዋል፤ ደግሞም ወደ ማራቸው ሮጠው እንዲጠግቡ ያደርጋቸዋል። (ያ የማስጠንቀቂያ ሽታ ለሰው አፍንጫ ሙዝ ሙዝ እንደሚል ስንቶቻችን እናውቃለን?)

ይሁን እንጂ ጨዋታው አንድ ትልቅ ነገር ስቷል፤ ይኸውም ጊዜ ነው። ባነሣነው እትም ደንብ መሠረት በሙያው የሚተዳደር ሰው ዳይሱን ጥሎ የድምሩን እኩሌታ ያህል የወርቅ ሳንቲም በየሳምንቱ ይቀበላል። አንጥረኛም ቢሆን ንብ አናቢም ቢሆን ሒሳቡ አንድ ነው። በየሳምንቱ የምትከፍል ንብ ግን በየትኛው አገር ትገኛለች? በደጋችን አደይ ካላበበ ማር የለም፤ ዋናው ቈረጣ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ በብዙ ስፍራ ከበልጉ በኋላ ሁለተኛ፣ አነስ ያለ ቈረጣ ይኖራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጥበቃ ነው።

ስሕተትም እንደዚሁ ነው። መሪው ልኩን 15 ቢያደርገው፣ 10 ነጥብ ያለው አዋቂ ከሃያው ዕድል በ4ቱ ይሳሳታል፤ 2 ነጥብ ብቻ ያለው ጀማሪ በ12ቱ ይሳሳታል። እስከዚህ ሒሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በጠረጴዛው ላይ ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል፤ በቀፎ ውስጥ አይታወቅም። ጀማሪው እጁን ሲያስገባ ንግሥቲቱን ቢደፈጥጥ፣ ያን ዕለት ከጥቂት ንድፊያ በቀር ምንም አያይም። ሠራተኞቹ ከለጋ እጭ ሌላ ንግሥት ያሳድጋሉ፤ እርስዋም ከእንቁላል ጀምሮ በ16 ቀን ትወጣለች፤ በርራ ከድንጕላ ተገናኝታ እንቁላል እስክትጥል ቀናት ያልፋሉ፤ ከእንቁላሏም ሠራተኛ ንብ እስኪወጣ ሌላ 21 ቀን ይፈጃል። እስከዚያው አበባው ይረግፋል። ሰውየው ባዶ ቀፎ ሲያወርድ ዝናቡን ይረግማል እንጂ የዚያን ዕለቱን እጁን አያስታውሰውም። አዋቂውን ከጀማሪው የሚለየው ዋናው ነገር፣ የዛሬው እጅ ከሁለት ወር በኋላ ምን እንደሚያመጣ ቀድሞ ማየት ነው፤ ይህን ደግሞ አንድ ቍጥር ሊይዘው አይችልም።

ሌላም አለ። የጨዋታው ወረቀት የአንድ ሰው ነው፤ ሙያ ግን አንዳንድ ጊዜ በሁለት ሰዎች መካከል ይኖራል። ፍራንሷ ሁበር የተባለው የጄኔቫ ሰው በወጣትነቱ ዐይነ ስውር ሆነ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1792 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ የንብ ጥናትን መንገድ ለወጠው፤ ንግሥቲቱ ከድንጕላ የምትገናኘው ከቀፎ ውጭ በበረራ ላይ መሆኑን ከተረዱትም አንዱ እርሱ ነበር። ዐይኑ ቡርነንስ የተባለ አገልጋዩ ነበር። ሁበር ይጠይቃል፤ ቡርነንስ ቀፎውን ከፍቶ ያያል። አንድ ጊዜ በቀፎ ያሉትን ንቦች አንድ በአንድ እየያዘ ለመመርመር 11 ቀን እንደ ፈጀ ተጽፏል። ሁበርም የአገልጋዩን ድካም በመጽሐፉ ውስጥ አልሸሸገም። በወረቀት ደንብ ቢሆን አንዱ ማየት የተሳነው ሰው፣ ሌላው ደግሞ ሎሌ ብቻ ሆነው በቀሩ ነበር።

አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ቢሆንም ከተማ የተቀመጥነው ብዙዎቻችን ቀፎ በወይራ ጢስ አጥኖ በዛፍ ላይ የሚሰቅለውን ገበሬ ባለሙያ ብለን ለመጥራት አንደፍርም፤ «ባህላዊ» እንለውና እናልፋለን። ከዚያም የሣጥን ቀፎ እናድለዋለን። ያ ሣጥን ራሱ ከሩቅ የመጣ ብልሃት ነው፤ አሜሪካዊው ላንግስትሮዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ዓ.ም. እንደ ተረዳው፣ ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር ገደማ የሆነውን ክፍተት ለመተላለፊያ ይተዉታል፤ ከዚያ ቢሰፋ እንጀራ ይሠሩበታል፣ ቢጠብብ በሙጫ ይደፍኑታል። አናጢው በጥቂት ሚሊሜትር ቢስት ፍሬሞቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። ይህን ለገበሬው ማስረዳት የወጣቱ ሹም ሥራ ነው። በዚያ መንደር መንጋ የሚወጣው መቼ እንደ ሆነ፣ ንቡ ቀፎውን ጥሎ እንዳይኰበልል ስንት እንጀራ ማር እንደሚተውለት ማስረዳት ደግሞ የገበሬው ነው። ጠያቂ ባለበት ተመልካቹ ሲናቅ፣ ወይም ተመልካች ባለበት ጠያቂው ሲጠፋ፣ ሣጥኑ ባዶ መቆሙ አይቀርም።

በአገራችን የኮምፒዩተር ትምህርት ቀስመው ጨዋታ መሥራት የጀመሩ ወጣቶች አሉ። ንብ አናቢ የሆነ ገጸ ባሕርይ ለመፍጠር ያሰቡ ቢኖሩ፣ የሳምንቱን ደመወዝ ሰርዘው የሚከተለውን እንዲሞክሩ እንጠይቃቸዋለን። ዳይሱ ቀፎው ታጥኖ በሚሰቀልበት በነሐሴ ይጣል፤ ቍጥሩን መሪው ብቻ አይቶ ይሸሽገው፤ ለተጫዋቹ የሚነገረው በጥቅምት ይሁን። ሲቈርጥ ምን ያህል እንደሚተው ተጫዋቹ ራሱ ይወስን፤ ከነእጩ ጠርጎ የወሰደ ሰው በሚቀጥለው ወር ቀፎው ባዶ እንደ ሆነ ይነገረው። ሁለት ገጸ ባሕርያት፣ አንዱ ጠያቂ ሌላው ባለ እጅ ሆነው ነጥባቸውን እንዲደምሩ ይፈቀድላቸው፤ ነገር ግን ጠያቂው አንድ ወቅት ሙሉ ከቀፎው አጠገብ የሰነበተ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው የአበባውን ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ይመስለናል፤ ምክንያቱም ለጐጃም ደጋ በመስከረም አደይ ተብሎ የተጻፈው፣ ቡናው በየካቲትና በመጋቢት ገደማ ለሚያብብበት ለከፋ ደን አይሠራም፤ ለእያንዳንዱ አውራጃ የየራሱን መጻፍ ያስፈልጋል፤ ያንንም የሚነግራቸው እዚያው ያለው አናቢ ነው።